ቅሉና አርጃኖው

በድሮ ጊዜ በጣና ዙሪያ የሚኖሩ እንስሳትና አእዋፍ ወደ ደሴቶቹ መሻገር ሲፈልጉ መንገድ የሚጠይቁት አያ ሻላን ነበር። የደሴቶቹን ስም ሁሉም ያውቃል፤ በየት በኩል እንደሚቀዘፍ ጠንቅቆ የሚያውቀው ግን እሱ ነው። ሻላ የሚውለው ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ፣ ደብረ ማርያም ደሴት ላይ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳር በኩል ያለችው እመት እንቁራሪት የመንገደኛውን ጥያቄ ተቀብላ በውኃው ላይ ትጮኻለች፤ መልሱም በጩኸት ይመለሳል።

አያ አርጃኖ ደንገሉ ውስጥ አድፍጦ ያዳምጣል። እመት ጅግራ ወደ ጸበል የሚወስደውን መንገድ ስታስጠይቅ ሰማና «ልጇ ታሟል» እያለ ወሬውን አዳረሰው፤ ጎረቤት ሁሉ ሸሻት። በመስማት ብቻም አላበቃም። አንድ ማታ የሻላን ድምፅ አስመስሎ መለሰና፣ ወደ ዘጌ ልትሻገር የነበረችውን ዳክዬ ከነጫጩቶቿ ራሱ ወዳደፈጠበት ደንገል መራት። ጫጩቶቿን በላባት።

እንስሳቱ ዋርካ ሥር ተሰብስበው መከሩ። ጉማሬ «ክፉ ያልሠራ ምን ይደብቃል?» አለ። እመት ኤሊ ቀስ ብላ መለሰችለት፤ «አያ ጉማሬ፣ አንተን የሚደፍርህ የለም። ጅግራ ግን የልጇ ሕመም የመንደር ወሬ ሆነባት። መንገድ የጠየቀ ሁሉ ገመናውን ይስጥ?»

ኤሊ መንገደኛው ሁሉ አዲስ ብልሃት ይማር አላለችም፤ እንቁራሪት ዘንድ አንድ ነገር ይጨመር አለች። ከዚያ ወዲህ እንቁራሪት ጥያቄውን ቅል ውስጥ ትከታለች፣ አፉን በሰም ታሽጋለች፣ ለእርግብ ታስይዛለች። መልሱ ሲመጣ መጀመሪያ የሻላን ማኅተም ታያለች፤ ማኅተሙ ካልሆነ ቅሉን አትከፍትም።

አርጃኖ የሚሰማው አጣ። ኤሊ ግን «ገና አልጨረስንም» አለች። «ታንኳችን ወዴት እንደምትሄድ ከዳር ሆኖ ማየት ይቻላል። ጥያቄያችንንም ሻላ ይሰማዋል፤ እሱ ወሬኛ ቢሆን ሰሙ ምን ይፈይዳል?» ሻላን የተጠየቀውን እንዳያስቀምጥ፣ ለማንም እንዳይሸጥ ቃል አስገቡት። ቃሉን ቢያጥፍ ሌላ መንገድ አዋቂ እንደሚመርጡም ነገሩት።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።

በኢንተርኔት ላይ የሻላን ሥራ የሚሠራው፣ የድረ ገጽ ስም በጻፍን ቁጥር አድራሻውን ፈልጎ የሚነግረን ዲኤንኤስ ነው። ጥያቄያችን ለአሥርት ዓመታት በ53ኛው በር (ፖርት) ማንም ሊያነበው በሚችል መልኩ ሲጓዝ ኖሯል። በ2016 እ.ኤ.አ. ተመስጥሮ በ853ኛው በር የሚያልፍበት ደረጃ ወጣለት። ዛሬ የአንድ ትምህርት ቤት ባለሙያ ኮርዲኤንኤስ በተባለ የዲኤንኤስ ሰርቨር ላይ ጥያቄ የሚያስተላልፈውን «ፎርዋርድ» የተባለ ፕለጊን ቲኤልኤስ በተባለው የማመስጠሪያ ስልት እንዲሠራ ቢያስተካክለው፣ በዚያ ሰርቨር የሚጠቀም ተማሪና መምህር ሁሉ ስልኩን ሳይነካ ጥያቄው ከሰርቨሩ ተመስጥሮ ይወጣል። የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የምናደርገውንም ግንኙነት ይጠብቃል። መብቱን በተግባር ማዋል የባለሙያው ድርሻ ነው፤ ጥያቄያችንን የሚቀበለውን አካል «የሰማኸውን ምን ታደርገዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ግን የሁላችንም ነው።