እግር ቢሠራ ራስ ለምን ይታመማል?

በሰውነት አባላት መካከል ሥራና ዋጋ በቅን ፍርድ የተደለደለ ቢሆን ኖሮ፥ በብስክሌት ዳገት የወጣ ሰው ሊያመው የሚገባው ጭኑንና ባቱን፥ ቢበዛም በዚያች ከእጅ መዳፍ ብዙ በማትሰፋ ኮርቻ ላይ የተፈረደበትን መቀመጫውን ነበር፤ ራስ ግን ከጉዞው መጀመሪያ እስከ ፍጻሜው ድረስ ከትከሻ በላይ እንደ ሹም ተቀምጦ፥ ግራና ቀኙን እየተመለከተና ሌላውን እያዘዘ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ፔዳል ሳይረግጥ፥ ማርሽ ሳይለውጥ፥ ፍሬን ሳይዝ ውሎ ከሁሉ ቀድሞ «ተጐዳሁ» ብሎ መጮኹ በየትኛውም ሸንጎ የሚያስቅ እንጂ የሚሰማ አቤቱታ አይመስልም። ይሁን እንጂ ይህ አቤቱታ በገዛ አናቴ ላይ ደጋግሞ የቀረበ ስለ ሆነ፥ በብዙ ትዕግሥትና በብዙ ቡና መርምሬ የደረስሁበትን ለአንባቢ ለማካፈል ብዕር አንሥቻለሁ።

የምናገረው ስለ ተራ ራስ ምታት አይደለም። ዕንቅልፍ አጥቶ ያደረ፥ ወይም በሠርግ ቤት ጠጅ ያበዛ ሰው የሚያመው ራስ ምታት ምክንያቱ በአደባባይ የታወቀ ስለ ሆነ ምርምርም ርኅራኄም አይሻም። ይህኛው ግን የሚመጣው ሰውየው በሥራው ሁሉ ጨዋ በሆነበት ቀን፥ ሳይጠጣ አምሽቶ፥ በጊዜ ተኝቶ፥ ማለዳ ተነሥቶ፥ «ለጤናዬ ብዬ ነው» እያለ ከቤቱ በወጣበት ሰዓት ነው። አመጣጡም ተንኰል የተሞላበት ነው፤ ዳገቱ በሚወጣበት ጊዜ ዝም ይላል፤ እግር እስኪቆም፥ ላብ እስኪቀዘቅዝ፥ ሰውየውም ብስክሌቱን ባሕር ዛፍ ላይ አስደግፎ ወደ ታች ወደ ከተማው በኩራት እስኪመለከት ድረስ ይታገሣል፤ ከዚያ በኋላ ከማጅራት ይነሣና በጆሮ ግንድ አልፎ ግንባር ላይ ይሰፍራል፤ የልብንም ምት አንድ ሳያስቀር እዚያው ያስቈጥራል።

በአዲስ አበባ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ከሌላው ዓለም ባልንጀራው የሚለየው ጉዞውን ገና ሳይጀምር ተራራ ላይ በመገኘቱ ነው። ከተማችን ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ስትሆን፥ ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በሸሮ ሜዳ የሸማ ሱቆች መካከል አልፎ ሽቅብ የሚሄደው መንገድ ደግሞ መንገደኛውን ከ3000 ሜትር ወደሚያልፈው ወደ እንጦጦ ያደርሰዋል፤ በዚያም ስፍራ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሢሶ ሊሆን ጥቂት በቀረው መጠን የጐደለ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን በዚህ ተራራ ሠርተው እንደ ነበር፥ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትም በዚሁ በእንጦጦ ማርያም እንደ ሆነ፥ ቤተ መንግሥቱ ግን በኋላ ወደ ፍልውኃው ሜዳ ወርዶ እንደ ቀረ የታወቀ ነው። የታሪክ ሊቃውንት ለመውረዱ ምክንያት ብርዱንና የማገዶውን እጥረት ይቈጥራሉ፤ እኔ ከሊቃውንት ጋር ክርክር የለኝም፤ ነገር ግን በዚያ አየር ውስጥ ከባድ ነገር በራስ ላይ ጭኖ መሰንበት ምን ማለት እንደ ሆነ፥ የብስክሌት ቆብ አገጬ ሥር አጥብቄ ካሰርሁ ወዲህ ገብቶኛል።

ስስ አየር ለብስክሌተኛ በረከትም እንደ ሆነ የሚናገሩ አሉ። ቤልጅጋዊው ኤዲ መርክስ በ1965 ዓ.ም. በአንድ ሰዓት ውስጥ 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር ሄዶ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረው፥ ባሕር ተሻግሮ ሜክሲኮ ከተማ ድረስ ወጥቶ ነበር፤ የሜክሲኮም ከፍታ ከአዲስ አበባ ጥቂት ቢያንስ ነው። አየሩ በሳሳ መጠን በደረት ላይ የሚገፋው ነፋስ ይቀንሳልና፥ ሰውየው ሳንባውን ከስሮ ፍጥነት ሊሸምት ወደ ላይ መውጣቱ ነበር። ይህ ንግድ ግን የሚያዋጣው እንደ መርክስ ለሚከንፍ ሰው ብቻ ነው፤ የእንጦጦን ዳገት ከአህያ ጋር ጐን ለጐን ለሚወጣ ሰው የነፋሱ ትርፍ አይደርሰውም፤ የሚደርሰው የሳንባው ኪሣራ ብቻ ነው።

ሕመሙ ከተነሣ በኋላ ትልቁ ጥንቃቄ አለመጐንበስ ነው፤ ባጐነበሱ ቍጥር ምቱ እጥፍ ይሆናልና። ይህን ደንብ መጠበቅ በሌላው ዓለም ቀላል ሳይሆን አይቀርም፤ ዳገቱ በእመቤታችን ደጅ በሚያልቅበት አገር ግን ጽኑ ፈተና ነው። ምእመናን ነጠላቸውን አጣፍተው፥ ከወገባቸው እየታጠፉና መሬት እየሳሙ ሲሳለሙ፥ እኔ በመካከላቸው ቀጥ ብዬ ቆሜ በአገጬ ብቻ እጅ ስነሣ፥ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከእግር ጥፍሬ እስከ ራሴ አስተውለው ካዩኝ በኋላ «ምነው ልጄ፥ ለእርሷ እንኳ አትጐነበስም?» አሉኝ። «ራሴን አሞኝ ነው፥ እማማ» ብላቸው፥ «ታዲያ የኪዳነ ምሕረት ጠበል አለልህ አይደለም ወይ?» ብለው አቅጣጫውን በበትራቸው አሳዩኝ፤ ቀጥለውም ብስክሌቱን ተመልክተው «ይህን ግን እዚህ ተወው» ሲሉ ጨመሩ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ደግሞ ትርጓሜው ይጀመራል። የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ንባብ ይዘው «አንድም» እያሉ ምስጢሩን እንደሚያበዙት፥ የእኔም ራስ በቤተ ዘመድና በጐረቤት ጉባኤ ፊት ተዘርግቶ ይተረጐማል። ንባቡ አጭር ነው፤ «ብስክሌት ነድቶ ራሱን ታመመ» የሚል ነው።

አንድም ምች ነው፤ ይህ የጐረቤታችን የእማማ ትርጓሜ ነው፤ ላቡ ሳይደርቅ ፀሐይና ነፋስ ላይ የቆመ ሰው ምች ሳይመታው አይቀርም ብለው፥ ከጓሮአቸው ዳማከሴ ቀጥፈው በመዳፋቸው እያሹ ይመጣሉ፤ ሽታው የታመመውን ቀርቶ ጤነኛውን ያነቃል። አንድም የቡና ዕጦት ነው፤ ይህ የባለቤቴ ሲሆን፥ እርሷ የምትለው «ማለዳ አንድ ስኒ ሳትቀምስ ወጥተህ እስከ ቀትር ተራራ ላይ ስትዞር፥ ራስህ ቢጮኽ ምን ይፈረድበታል?» ነው፤ ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ቡና የለመደ ራስ ማመፅ እንደሚጀምር ሐኪሞች ስለሚመሰክሩላት፥ ይህን ትርጓሜ በቤታችን የሚነቅፍ የለም። አንድም ረኃብ ነው፤ የነፍስ አባቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሚጾምበት ቀን ዳገት መውጣቴን በሰሙ ጊዜ «ጾም ከስግደት ጋር ታዘዘ እንጂ ከእሽቅድምድም ጋር መቼ ታዘዘ?» ብለው ገሠጹኝ፤ ነገሩም ከቀኖና ውጭ እንኳ እውነት አለው፤ ጡንቻ በልፋት ጊዜ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ሲሻማ፥ ከዚያው ስኳር የሚቀለበው አንጎል ጐተራው ሲጐድል ዝም ብሎ አያይም።

አንድም ውኃ ጥም ነው ይላል የእኅቴ ልጅ፤ በአንድ ሰዓት ብርቱ ልፋት አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ላብ ሊወጣ እንደሚችል ያውቃልና፥ ለሚያመው ሁሉ፥ ለጥርስም ቢሆን፥ ውኃ ያዝዛል። እዚህ ላይ ግን ትርጓሜው ተቃራኒ ትርጓሜ አለው፤ ጨው በላብ ከወጣ በኋላ ባዶ ውኃ ብቻ ያለ ልክ የሚጠጣ ሰው የደሙን ጨው ያቀጥነዋል፤ የዚህም የመጀመሪያ ምልክቱ፥ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፥ ራስ ምታት ነው።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን የብስክሌት ጠጋኙ ትርጓሜ ነበር። እጁ በግራሶ እንደ ተለወሰ ቸርኬውን እያዞረ ታሪኬን ከሰማ በኋላ «ጋሼ፥ እስቲ ውጡበት» አለኝ፤ በወጣሁ ጊዜ ከኋላዬ ቆሞ አየኝና መሪው እጅግ ዝቅ ያለ፥ ኮርቻው ወደ ኋላ የራቀ በመሆኑ፥ ጀርባዬ ተዘርግቶ አንገቴ ሽቅብ እንደ ተቀለሰ፥ የማጅራቴም ሥጋ መንገዱን ሁሉ ራሴን ተሸክሞ እንደሚወጣ አስረዳኝ፤ መሪውን በሁለት ጣት ያህል ከፍ አደረገ፥ የቆቤንም ማሰሪያ አላላ፤ ያስከፈለኝም የአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይሞላም። በዚህ አገር ስለ አንገት የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ዐውቆ በመፍቻ የሚያቃና ግን ጥቂት ነው።

ጉባኤው ስላልተስማማ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ሐኪሙም ረጅም ጊዜ ከጠየቀና ከመረመረኝ በኋላ ሁሉም በየድርሻቸው እውነት እንደ ተናገሩ አስታወቀኝ፤ ይህም ለእኔ ኀዘን ነበር፤ ከጉባኤው ቢያንስ አንዱ እንዲረታ እመኝ ነበርና። ከነዚህ ሁሉ ሌላ ግን ከልፋት ብቻ የሚነሣ ራስ ምታት መኖሩን ነገረኝ። ስለዚህ ነገር ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ዡል ቲኔል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1932 ጽፎበታል፤ ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበርም በመዝገቡ ውስጥ ከ48 ሰዓት የማይዘልቅ፥ ይልቁንም በሙቀትና በከፍታ ቦታ የሚነሣ ብሎ አስፍሮታል። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ የሚያመው ሽፋኑና በሽፋኑ ውስጥ የሚያልፉት የደም ሥሮች ናቸው። ሰው ትንፋሹን ውጦ ጥርሱን ነክሶ ፔዳሉን ሲገፋ በደረቱ ውስጥ ያለው ግፊት ያይላል፤ ከራስ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም በአንገቱ በኩል መንገድ ይጠብበታል፤ ሥሮቹም ይለጠጣሉ፤ ብዙዎች ሊቃውንት የምቱ መነሻ ይህ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ኢንዶሜታሲን የሚባል መድኃኒት ለአንዳንዱ ሰው እንደሚታዘዝ፥ ለእኔ ግን አስቀድሞ የሚታዘዝልኝ ሥጋን በዝግታ ማሟሟቅና ትንፋሽን አለመዋጥ እንደ ሆነ ነግሮ አሰናበተኝ።

ሐኪሙ ያላነሣው፥ እኔ ግን እንደ ዋና ነገር የምቈጥረው ሌላ ምክንያት አለ። ይህ ሕመም ብቻዬን በምወጣበት ቀን አይነሣም፤ የሚነሣው አንድ ጐረምሳ ከሸሮ ሜዳ በላይ ደወሉን አቃጭሎ ባለፈኝ ቀን ነው። በዚያን ሰዓት እግር ምንም አላለም፤ እግር ትሑት ነው፤ ቢያልፉትም አይከፋውም። ሳንባም አልፈለገም። «ይህ ልጅ እንዴት ያልፈናል!» ብሎ ነጋሪት ያስጐሰመ ራስ ነው። ስለዚህ የሕዋሳት ሸንጎ ቢሰየምና ራስ እንደ ተበዳይ ቢቆም፥ እኔ በዳኝነት ብቀመጥ ኖሮ ከከሳሽ ወንበር አንሥቼ ወደ ተከሳሽ ሣጥን አዛውረው ነበር። ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ 24ኛ ሲወጣ፥ ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን ለመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፥ የእነርሱ ራስ አገር ተሸክሞ ነበርና ቢታመም ክብር ነው፤ የእኔ ራስ የተሸከመው ግን አንድ ስሙን የማያውቀውን ጐረምሳ ብቻ ነው።

ቀልዱ የማይደርስበት አንድ ስፍራ አለ። ራስ ምታቱ ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅና በቅጽበት እንደ መብረቅ የወረደ ከሆነ፥ ወይም ትውከት፥ ራስ መሳት፥ የአንገት መገተር፥ ነገርን ሁለት አድርጎ ማየት ከተከተለው፥ ዳማከሴውም ቡናውም ይቈዩና በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል፤ በራስ ውስጥ ደም መፍሰስም እንደዚህ ሆኖ ሊጀምር ይችላልና።

እኔ ግን ተመርምሬ ደኅና ስለ ተባልሁ፥ ዛሬም ማለዳ ቡናዬን ጠጥቼ፥ ጥቂት ቈሎ በኪሴ ይዤ፥ በዝግታ እወጣለሁ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በዚያ መንገድ ስታልፍ አንድ ጐልማሳ በአህዮች መካከል በእርጋታ ሲወጣ ብታየው፥ ሰላምታ ሰጥተህ እለፈው፤ እባክህን «በርታ፥ ግፋ!» ብቻ አትበለው።