የመሬት ሰውና የጎማ ሰው፦ ከቤት ወጥቶ ስለማደር የተደረገ መጠነኛ ጥናት

ካምፒንግ ማለት የሞቀ ቤት ያለው ሰው በፈቃዱ፣ ለዚያውም ገንዘብ ከፍሎ፣ ቤት እንደሌለው ሰው ደጅ የሚያድርበት ሥርዓት ነው። ቤት የሌለው ሰው ይህንኑ ቢያደርግ ፖሊስ ይጠራበታል። ስለዚህ ለካምፒንግ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ድንኳን ሳይሆን ቤት ነው። ይህን ከመነሻው ማስያዝ ያስፈለገው፣ የዘርፉ ጠብ ሁሉ ከአንድ ጥያቄ የሚመነጭ በመሆኑ ነው፦ ከቤቱ የሸሸ ሰው ከቤቱ ምን ያህሉን ይዞ እንዲሸሽ ይፈቀድለታል?

በዚህ ጥያቄ የተነሳ የካምፕ ሰው ለሁለት ተከፍሏል። አንደኛው ድንኳን ተክሎ መሬት ላይ የሚተኛው ነው፤ በዚህ ጥናት "የመሬት ሰው" ይባላል። ሁለተኛው በተጎታች ቤት ወይም በሞተርሆም ውስጥ የሚተኛው ሲሆን "የጎማ ሰው" ብለነዋል። ጥናቱ የተካሄደው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ቦታው የተመረጠበት ሳይንሳዊ ምክንያት ለዋሽንግተን አካባቢ ሀበሻ ቅርብ መሆኑ ነው። በተጨማሪም በፓርኩ የካምፕ ቦታዎች መብራትና ውኃ ከመኪና ጋር የሚገናኝበት መስመር ስለሌለ ሁለቱ ወገኖች አንድ ሣር ላይ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ለማደር ይገደዳሉ። የመረጃ አሰባሰብ ዘዴው ወንበር ዘርግቶ ጎረቤትን መመልከት ነው። ዘዴው በአገራችን በረንዳዎች ላይ ለረጅም ዘመን ተፈትኖ አስተማማኝነቱ የተረጋገጠ ነው።

በመሬት ሰው እንጀምር። የመሬት ሰው በመኪና መጥቶ መኪናውን የሚክድ ፍጡር ነው። አውራ ጎዳናውን ሁሉ ማቀዝቀዣ ከፍቶ ነድቶ፣ ካቆመበት ደቂቃ አንስቶ ተራራውን በእግሩ የወጣ ያህል ይተነፍሳል። መዶሻውን ቤት ስለረሳ ካስማውን በድንጋይ ይመታል። መኝታውን ሲመርጥ ግን ጥንቃቄው የሚያስደንቅ ነው። መሬቱን በእግሩ ይዳብሳል፣ ጠጠር ይለቅማል፣ በጀርባው ተንጋሎ ይሞክረዋል። በዚህ ሰዓት ድንጋይ የሚባል ነገር የለም። ድንጋዩ የሚበቅለው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ የሚበቅለውም ሁልጊዜ ከወገብ ዝቅ ብሎ በቀኝ በኩል ነው። ወደ ግራ የዞረ የዛፍ ሥር ያገኛል።

ከዚያ ብርዱ አለ። ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀው በላባው መካከል በሚይዘው አየር ስለሆነ፣ ከተኚው ሥር ያለው ወገን በክብደቱ ተጨፍልቆ አየሩን ያጣል። የቱንም ያህል ውድ ይሁን፣ ከጀርባ በኩል ነጠላ አንሶላ ማለት ነው፤ መሬቱም የሰውየውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣ ያድራል። ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የሚነፋ ፍራሽ መጣ። የሚነፋ ፍራሽ ማታ አልጋ፣ ንጋት ላይ ሸራ ነው። ባልና ሚስት የሚተኙበት ሰፊው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከባዱ በተገላበጠ ቁጥር ቀላሉ ወደ ላይ ይነሳል፣ ከባዱ ረጋ ሲል ቀላሉ መሬት ይነካል፤ በዚህ ሁኔታ ስንት ትዳር ሌሊቱን እንዳሳለፈ የሚያውቀው ጫካው ብቻ ነው።

ሌሊት ሽንት የመጣበት የመሬት ሰው የሚያልፍበት ሂደት ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። በአጭሩ፦ መጀመሪያ እስኪነጋ ይችለው እንደሆነ ያሰላል። ስሌቱ አይሠራም። ባትሪ ይፈልጋል፣ የአንድ እግር ጫማ ያገኛል፣ ቀጥሎ ዚፕ ይከፍታል። የድንኳን ዚፕ ቀን ድምፅ የለውም። ሌሊት ግን አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማውን ያህል ይሰማል፤ ቀስ ብሎ መክፈት ደግሞ ቅዳጁን ከማስረዘም በቀር ጥቅም የለውም።

ጧት "እንዴት አደርክ?" ሲባል መልሱ "ግሩም ነው! እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከየት ይገኛል!" የሚል ነው። ይህን ሲናገር አንገቱ አይዞርም፤ ወደ ጠያቂው የሚዞረው በሙሉ አካሉ ነው።

የጎማ ሰው በበኩሉ ሁለት ንዑሳን ወገኖች አሉት፦ ቤቱን የሚጎትትና ቤቱን የሚነዳ። ቤቱን የሚነዳው ብዙ ጊዜ ከቤቱ ኋላ ትንሽ መኪና ያስከትላል፤ ሳሎንና መኝታ ቤት ይዞ ወተት ሊገዛ መውጣት አይመችምና። ትልልቆቹ ሞተርሆሞች እስከ 45 ጫማ ይረዝማሉ፣ ወደ 14 ሜትር ገደማ ማለት ነው፤ በአንድ ጋሎንም 10 ማይል ከሄዱ ተመስገን ነው። የመሬት ሰው ስለ ወገቡ የሚጨነቀውን ያህል የጎማ ሰው የሚጨነቀው ስለ ቤቱ ቁመት ነው። በሸናንዶዋ ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው መንገድ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ጣሪያው ላይ የጫነውን የማቀዝቀዣ ማሽን ደምሮ ይሁን ሳይደምር ቁመቱን የለካው ትዝ ያላለው ሰው፣ ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር ተፈጥሮን ማድነቅ አይደለም።

የጎማ ሰው ሥነ ምግባር የሚፈተነው ግን ወደ ኋላ ሲገባ ነው። ተጎታች ወደ ኋላ ሲነዳ መሪው ወደ ግራ ሲዞር ጭራው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ይህን ማንም ያውቃል፣ ማንም ግን አያምነውም። ሚስት ወርዳ ከኋላ ትቆማለች፤ ካምፑም ወንበሩን ወደ ትርዒቱ ያዞራል። በአንድ የሀበሻ ቤተሰብ ላይ የተመዘገበው ምልልስ የሚከተለው ነው።

"ና፣ ና፣ ና... ግራ ስበር... መልስ... መልስ አልኩህ እኮ! ኧረ ቁም!"

"በመስታወቱ አትታዪኝም!"

"እኔ ልታይ ነው እንዴ የመጣሁት? አንተ ዛፉን እየው!"

ቤቱ ከገባ በኋላ ታኮ ይደረግለታል። ቀጥሎ ውኃ ልክ ይወጣና ወለሉ ላይ ይቀመጣል፣ ከአንዱ ጎማ ሥር ጠፍጣፋ እንጨት ይገባል፣ እንደገና ይለካል። ይህ ቅንጦት አይደለም። ብዙዎቹ በጋዝ የሚሠሩ የተጎታች የምግብ ማቀዝቀዣዎች ቤቱ ከተጋደለ በደንብ አይሠሩም። ለመዝናናት የመጣ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ግንበኛ ሆኖ ይውላል፤ በዚያ መካከል የመሬት ሰው ድንኳኑን ተክሎ፣ እሳት አንድዶ፣ ቢራ ከፍቶ በአዘኔታ ይመለከተዋል። አዘኔታው የሚቆየው እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ጥናቱ ጥልቅ ክፍል ደርሰናል። የጎማ ሰው ቤት ሦስት ማጠራቀሚያ አለው፦ አንዱ ለንጹሕ ውኃ፣ አንዱ ከመታጠቢያና ከዕቃ ማጠቢያ ለሚወርደው፣ አንዱ ደግሞ ከሽንት ቤት ለሚወርደው። ሁለተኛው "ግራጫ"፣ ሦስተኛው "ጥቁር" ይባላል፤ በዘርፉ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ጨዋነት የታየበት ስያሜ የለም። እሑድ ረፋድ ላይ የጎማ ሰዎች ማስወገጃው ጋ ይሰለፋሉ። ባለተራው ጓንት ያጠልቃል፣ ወፍራሙን ቱቦ ያወጣል፣ መጋጠሚያውን ያስራል፣ በእጁ ነቅነቅ አድርጎ ይፈትሻል፣ እንደገና ይፈትሻል። ሕጉ መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ቀጥሎ ግራጫው ነው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ቱቦ እንዲያጥብ። ይህን ቅደም ተከተል ያዛባ ሰው ዳግመኛ አያዛባውም። አዲስ አበባ ሳለ መጣጭ መኪና ሲመጣ በር ዘግቶ፣ አፍንጫውን ይዞ ጓዳ ይገባ የነበረ ሰው፣ አሜሪካ ገብቶ፣ ዓመታት ሠርቶ፣ ብድር ተበድሮ፣ የመጣጩን ሥራ ቅዳሜና እሑድ በገዛ እጁ ይሠራል። ከኋላው የተሰለፈው ሰው ደግሞ ስለ ቱቦው ዓይነት ምክር ይለግሰዋል።

በሁለቱ ወገኖች መካከል ጦርነት የሚያስነሳው ጄኔሬተር ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጸጥታ ይከበራል፤ ጄኔሬተርም በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቀደው። የመሬት ሰው ይህን ሕግ በቃሉ ያውቃል። አምስት ደቂቃ ሲያልፍ ሰዓቱን ያያል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ለሚስቱ "ተፈጥሮን ሊያይ የመጣ ሰው ቴሌቪዥን ምን ያደርግለታል?" ይላታል፤ ድምፁን የሚያሰማው ለሚስቱ አይደለም። ይህን ብሎ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ መኪናውን ያስነሳል።

ጠቡ አዲስ አይደለም። ሄንሪ ፎርድ፣ ቶማስ ኤዲሰንና የጎማው ባለቤት ሃርቪ ፋየርስቶን ከ1910ዎቹ አጋማሽ እስከ 1924 እ.ኤ.አ. ድረስ በክረምት ወራት ካምፕ ይወጡ ነበር። ራሳቸውን ይጠሩ የነበረው አገር ዟሪ ተንከራታቾች ብለው ነው። ወጥ ቤት የተገጠመለት መኪና፣ አብሳይ፣ አስተናጋጅ፣ ለድንኳኑ ሁሉ የኤዲሰን መብራት ይዘው ነው የሚንከራተቱት። በ1921 ፕሬዝዳንት ሃርዲንግም ሜሪላንድ ላይ ተቀላቅሏቸዋል። ከዚያ ጉዞ የቀረ አንድ ፎቶግራፍ አለ፦ ኤዲሰን፣ ዓለምን በመብራት ያጥለቀለቀው ኤዲሰን፣ ዛፍ ሥር ባዶ ሣር ላይ ተጋድሞ እንቅልፉን ሲለጥጥ። የመሬት ሰዎች ይህን ፎቶግራፍ ለክርክራቸው አለመጠቀማቸው ለዚህ ጥናት እስካሁን እንቆቅልሽ ነው።

በእኛም በኩል ጉዳዩ ሥር የሰደደ ነው። በ1520 እ.ኤ.አ. የመጣው ፖርቹጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር ሲገልጽ፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ችሎቱም፣ ወጥ ቤቱም ድንኳን የሆነ፣ ገበያው ሳይቀር የተወሰነ ቦታ ያለው ተንቀሳቃሽ ከተማ አሳይቶናል። ይህ ከየትኛው ወገን ይመደብ? ጎማ የለውም፤ ነገር ግን ችሎት ጭኖ የወጣን ሰው ቀለል አድርጎ ወጣ ማለት ያስቸግራል። ኋላ ደግሞ በ1959 እ.ኤ.አ. የኤርስትሪም ተጎታች ቤት ሠሪው ዋሊ ባያም 41 የሚያብረቀርቁ የአልሙኒየም ቤቶች አሰልፎ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ሲነሳ መንገዱ በኢትዮጵያ አለፈ፤ ጃንሆይም ተቀበሉት። ቀደምቶቻቸው በበቅሎ ያደረጉትን ፈረንጅ በአልሙኒየም ሲያደርገው ማየት ለንጉሠ ነገሥቱ ብዙም እንግዳ ነገር ሊሆንባቸው አይችልም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሕግ የንቀት መሰላል ሕግ ነው። ሁሉን በጀርባው ተሸክሞ ተራራ የወጣው፣ በመኪና መጥቶ ድንኳን የተከለውን ይንቃል። ይኸኛው ተጎታቹን ይንቃል። ተጎታቹ ሞተርሆሙን "አውቶቡስ" ይለዋል። ባለሞተርሆሙ ማንንም አይንቅም፤ መጋረጃውን ዘግቷል። እያንዳንዱ የእውነተኛ ካምፕን ድንበር የሚያሰምረው እሱ ከያዘው ዕቃ ቀጥሎ ካለው ዕቃ ላይ ነው። የመሰላሉን ታች ለማግኘት ግን ሰሜን ተራሮች ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ባሉት ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ ካምፖች፣ "ቀለል ያለ ኑሮ" የሚሻው ጎብኚ ድንኳን ውስጥ ወፍራም ፍራሽ ላይ ይተኛል፤ ፍራሹን በቅሎ፣ በቅሎውን ባለበቅሎ፣ ራቱን አብሳይ ይዘውለት መጥተዋል። ጠመንጃ የያዘው ስካውት ብዙውን ጊዜ ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ዳር ጋደም ይላል። በእርሱ በኩል ክርክሩን የሚመለከት አስተያየት አልተገኘም፤ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

በዲያስፖራ ያለው ሀበሻ በዚህ መሰላል ላይ ቦታ ያልተገኘለት ብቸኛ ወገን ነው። በአተኛኘቱ የመሬት ሰው፣ በጭነቱ የጎማ ሰው ነው። ለሁለት ሌሊት የሚወጣ ቤተሰብ ዶሮ ወጥ በድስቱ፣ እንጀራ በመሶቡ፣ ጀበና፣ ረከቦት፣ ዕጣን፣ ለሣር ምንጣፍ የሚሆን ሰው ሠራሽ ሣር ይጭናል፤ ሣሩ የሚጎዘጎዘው ሣር ላይ ነው። ሸናንዶዋ ጥቁር ድብ ስላለው ሽታ ያለው ነገር ሁሉ መኪና ውስጥ እንዲቆለፍ ይታዘዛል። ይህ ትእዛዝ በጥሬው ቢተረጎም ቤተሰቡም ከነጋቢው መኪና ውስጥ መቆለፍ ይኖርበታል። ቡናው ሲቆላ የሚመጣው የፓርኩ ጠባቂ ምን እየተቃጠለ እንደሆነ ሊጠይቅ ነው የሚመጣው፤ ሦስተኛውን ስኒ ሳይጠጣ አይሄድም።

ከአገር ቤት የሚመጣው ተቃውሞ ግን ከድቡ የከፋ ነው። እናት በስልክ ሲሰሙ መጀመሪያ ዝም ይላሉ።

"ድንኳን ተከልን ነው ያልከኝ?"

"አዎ እማዬ፣ ከልጆቹ ጋር።"

"ማን ሞቶ ነው የደበቃችሁኝ?"

ሠርግም እንዳልሆነ ሲረጋገጥ ነገሩ ይብሳል። በእኚህ እናት ዕድሜ ሰው ያለ ምክንያት ድንኳን ያደረበት ጊዜ የለም፤ ለጥምቀት ዋዜማ ጃንሜዳ ማደር እንኳ ታቦት ተከትሎ ነው። "ቤቱን ሸጣችሁት እንዴ?" የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ትንሽ ቆይቶ ነው፤ ልጁም ቤቱ እንዳለ፣ ብድሩም እንዳለ በመሐላ ያረጋግጣል።

የጥናቱ ዋነኛ ግኝት የተገኘው በሐምሌ፣ በነጎድጓድ ዝናብ ሌሊት ነው። ውኃው በድንኳኑ ወለል ሲገባ የመሬት ሰው መጀመሪያ ፎጣ ያነጥፋል። ቀጥሎ ፍራሹን ከፍ ለማድረግ ይነፋል። በመጨረሻ ብርድ ልብሱን ጭንቅላቱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ መኪናው ይሮጣል፤ ወንበሩን አጋድሞ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ማሞቂያውን ከፍቶ ይተኛል። በምደባ ሥርዓታችን ጥብቅ ትርጉም ከሄድን ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ የጎማ ሰው ነው፤ ለዚያውም በጸጥታ ሰዓት ሞተር ያስነሳ የጎማ ሰው። ፊት ለፊቱ ያለው ባለሞተርሆም በመጋረጃው ቀዳዳ ያየዋል፤ ቅሬታ ግን አያቀርብም። ሰውየው ጎህ ሳይቀድ ይነቃል። ማንም እንዳላየው ግራ ቀኝ ተመልክቶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ድንኳኑ ውስጥ ይገባል። የገባው ሊተኛ አይደለም። ሰፈሩ ሲነቃ ዚፑን ከውስጥ ከፍቶ ሊወጣ ነው።