ምዕራፍ 71 ይባረክ

አለቃዬ ወረቀቴን ዛሬም በቀይ አስምሮ መለሰልኝ፤ ለሦስተኛ ጊዜ። ጥፋቴ ቀለበቱን «መዳብ» ብዬ መጻፌ ነው። እኔ በሳዑዲው ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ካርጎ በኩል የሚገባ ጌጣጌጥ በየኮዱ ስመድብ የምውል ትራንዚተር ነኝ፤ መዳብን ከወርቅ የምለይም ይመስለኝ ነበር።

ለካ በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ታሪፍ ምዕራፍ 71፣ ማስታወሻ 5 መሠረት ቅይጡ በክብደት 2 በመቶ ወርቅ ካለበት የወርቅ ቅይጥ ነው፤ 98ቱ እጅ መዳብ ቢሆንም። 2 በመቶ ፕላቲኒየም ከገባበት ደግሞ የቀረው ሁሉ ወርቅ ቢሆን እንኳ ፕላቲኒየም ይባላል።

እንዴት ያለ ቸር ሕግ ነው! ጉምሩክ ብቻውን ሊበላው አይገባም፤ ወደየቤታችን ይግባ። ሁለት እጅ ዶሮ ያለበት ወጥ ዶሮ ወጥ ነው፤ ሽንኩርቱን አትቁጠሩ። ሙሽራው ለጥሎሽ 100 ግራም ወርቅ ቃል ገብቶ 2 ግራሙን ከመዳብ ጋር አቅልጦ ቢያመጣ ሽማግሌዎቹ መርቀው ይቀበሉት፦ ሚዛኑ መቶ ይላል፣ መጽሐፉ ወርቅ ይላል። የሙሽራዋ እናት ካጉረመረሙ ማስታወሻ 5 ይነበብላቸው። የልጅቷ ጣት አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የጣቷ ነው። እሷም በተራዋ በዓመት ስምንት ቀን ቤቱ ካደረች ሚስት ናት፤ ሒሳቡ ሁለት በመቶ ይሞላል፤ ሽማግሌ ማስቸገር የለም። የሁለት ዓመት ደመወዝ የያዘ አሠሪም የ15 ቀኑን ከወረወረ ከፍሏል።

ይኼን የመጨረሻውን፣ የደመወዙን ሒሳብ፣ ምዕራፍ 71ን ሳያነቡ የሚሠሩበት አሉ። ሁለት በመቶ ወርቅ ያለበት መዳብ መዳብ ነው። አለቀ።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ከኾበር ወርቅ ቤት የሚገዛው ባለ 21 ካራት 87.5 በመቶ ወርቅ ነው፤ እሱና የእኔ መዳብ በኮድ 7113 ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ወርቅ ቅቡ ናስ ግን እንደ ፀሐይ ቢያበራም 7117፣ አርቴፊሻል ነው፦ ወርቁ ከተደበቀ ወርቅ፣ ከታየ አርቴፊሻል! ዕንቁውማ፣ እዚሁ አቅራቢያ የዳሪን ጠላቂዎች ትንፋሻቸውን ይዘው ያወጡትም፣ ጃፓኖች ያረቡትም በ7101 ሥር አብረው ያድራሉ።

በአራተኛው «ወርቅ» ብዬ ሞላሁት፤ አለቃዬም «ጎበዝ» አለኝ። አባቶቻችን «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ሲሉ እኮ ጠጠሩን ላብራቶሪ አላስገቡትም።