«በሞቴ» በሕዋስ ደረጃ፦ አጭር ጥናት

የዚህ ጥናት መረጃ የተሰበሰበው ባለፈው እሑድ አክስቴ ቤት ነው። ናሙናው አንድ ሰው ሲሆን እሱም እኔ ነኝ። «ጠግቤአለሁ» ካልኩ በኋላ «በሞቴ» እየተባልኩ አራት ጉርሻ ጎርሻለሁ። አራቱም ሆዴ ገብተዋል። ጥያቄው፣ ሆድ መግባት መግባት ነው ወይ? የሚል ነው።

አይደለም። የእንጀራው ስታርች ከአፍ ጀምሮ እየተፈጨ ትንሹ አንጀት ላይ ግሉኮስ ይሆንና ደም ውስጥ ይገባል፤ ደም ግን መንገድ እንጂ ቤት አይደለም። ጤነኛ ሰው ባዶ ሆዱን ሳለ በደሙ ሁሉ የሚዞረው ግሉኮስ ቢሰበሰብ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም። ትርፉ ቤት ይፈልጋል። የጡንቻና የስብ ሕዋሳት ደግሞ ጨዋ እንግዶች ናቸው፤ ካልተለመኑ እምብዛም አይጎርሱም። ለማኙ ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን ነው። ራሱ አይገባም፤ ደጃፍ ቆሞ «በሞቴ» ይላል። ሕዋሱም ይህን ሲሰማ ውስጡ ሸሽጓቸው የነበሩትን፣ ግሉት 4 የተባሉትን አፎች ወደ ላይ አውጥቶ ይከፍታል።

ከዚህ ሥርዓት የወጡ ሁለት ተመዝግበዋል። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ 20 በመቶ የሚሆነውን ጉልበት ይበላል፤ «በሞቴ» እስኪባልም አይጠብቅም። ሁለተኛው በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ ነው፤ ያለ ኢንሱሊንም አፉን ይከፍታል። ይህኛው ይቅር ይባላል፤ ሲያርስ የዋለን ሰው ማን ይለምናል?

ሕዋሱ እንደጎረሰ ግሉኮሱ ላይ ፎስፌት ይለጥፍበታል፤ ከዚያ ወዲያ መውጫ የለም። (አክስቴ ጫማ ትደብቃለች። ውጤቱ አንድ ነው።) ከዚያ አሥር እርከን ባለው ሂደት ግሉኮሱ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ሕዋሱም ኤቲፒ ከሚባለው የጉልበት ሳንቲም 2 አውጥቶ 4 ይቀበላል። እኛ ሰፈር ይህ አራጣ ይባላል። ዋናው ትርፍ ግን ማይቶኮንድሪያ ውስጥ በኦክስጅን ሲነድ ይገኛል፤ ድምሩ 30 ገደማ ይደርሳል። ካርቦኑ በትንፋሽ ስለሚወጣ፣ የእሑዱ እንጀራ በከፊል ለአክስቴ ሳሎን ተመላሽ ሆኗል።

ልመናው የማይሠራበትም ጊዜ አለ። ያለ እንቅስቃሴ ተቀምጦ ለዓመታት ሲለመን የኖረ ሕዋስ ጆሮው ሊደነድን ይችላል፤ ቆሽት ድምፁን ከፍ አድርጎ አድርጎ ይደክመዋል፣ ስኳሩም መንገድ ላይ ይቀራል። ለማኙ ጭራሽ የሌላቸውም አሉ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1922 ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ እስኪወጋ ድረስ፣ እነዚህ ሰዎች ሞሰቡ ሞልቶ ሳለ በረሃብ ያልቁ ነበር።

ውጤቱን ለአክስቴ አቅርቤላታለሁ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ብዙ ስታወራ እኮ ከሳህ፤ በሞቴ» ብላ አምስተኛውን አጎረሰችኝ።