ግንደ ቆርቁርና ሽኮኮ

ተረት ተረት!
የላም በረት።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በሁለት ተራሮች መካከል ባለ ጥልቅ ሸለቆ የሚኖሩ አራዊት ነበሩ። መልእክት ከዳር ዳር የሚያደርስላቸው ግንደ ቆርቁር ነው። ባዶ ግንድ ላይ በምንቃሩ አንዴ አጠር፣ አንዴ ረዘም አድርጎ ሲያንኳኳ ወሬው ማዶ ይደርሳል። ጎርፍ ሲመጣ ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር ያንኳኳል፤ ያን የሰማ ሁሉ ግልገሉን ይዞ ወደ ከፍታ ይሸሻል። በዚያ ምንቃር ብዙ ነፍስ ተርፏል።

ስለዚህ የአራዊት ሸንጎ «ግንድ ማንኳኳት የማይችል መልእክት አያስተላልፍ» ብሎ ደነገገ። ሕጉ ያኔ ልክ ነበር፤ ሌላ መንገድ አልነበረማ።

ዘመን አለፈ። ከአፋፉ ላይ የገደል ማሚቶ ቃልን ሳይቆርጥ ማዶ የሚያደርስበት ዋሻ ተገኘ። ባለፈቃዱ ሁሉ በዋሻው መነጋገር ጀመረ። ሕጉን ግን የነካው የለም።

አንድ ቀን ሽኮኮ በዋሻው ለመናገር ፈቃድ ልትጠይቅ ግንደ ቆርቁር ዘንድ መጣች። ነፋሱ በየት ሲነፍስ ድምፅ እንደሚርቅ፣ ሌላው ሲናገር ዝም ማለት እንደሚገባ ጠንቅቃ ታውቃለች። ግንደ ቆርቁር ሁሉንም ሰምቶ «እስቲ አንኳኪ» አላት። ሽኮኮ ምን ምንቃር አላት? በጥርሷ ሞከረች፤ ወደቀች። ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ ሦስት ጊዜ ወደቀች።

«አባባ፣ እርስዎስ ዛሬ የሚናገሩት በዋሻው አይደለም?» ብላ ጠየቀችው።

«ልጄ፣ ይህን ለመማር ምንቃሬ ደምቷል። አንቺ እንዲያው በባዶ ልትገቢ ነው?»

በበጋ አንድ ሌሊት ከቆላው በኩል እሳት ተነሣ። ከዓለቷ ላይ ሆና ቀድማ ያየችው ሽኮኮ ናት። ወደ ዋሻው ሮጠች። በሩ ላይ የቆመው ጅብ «ፈቃድሽስ?» አላት። ባለፈቃድ ተፈልጎ እስኪመጣ እሳቱ ጫካውን አጋመሰው፤ የግንደ ቆርቁር ጎጆ ያለበት ዛፍም ነደደ።

ሲነጋ ሸንጎው ተቀመጠ። እማማ ኤሊ ቀስ ብላ ተነሣች። «ፈተና አጥር ነው፤ አጥር የሚታጠረውም ለእህሉ ነው። ሽኮኮ ማንኳኳት ባለመቻሏ ማን ተጎዳ? በሩ ስለተዘጋባት ማን እንደተጎዳ ግን አመዱን ጠይቁት» አለች።

ግንደ ቆርቁር የጎጆውን አመድ አየና ራሱን ደፋ። «ሸለቆውን የጠበቅሁ መስሎኝ ድካሜን ስጠብቅ ኖሬአለሁ» አለ።

ሕጉ ተለወጠ። ፈተናው በሌላው ድምፅ ላይ አለመጮኽን፣ የጭንቅ ጥሪ ሲሰማ ዋሻውን መልቀቅን ይጠይቅ ጀመር። ግንደ ቆርቁርም ወዶ ለመጣ ሁሉ በሌላ ዛፍ ሥር ማንኳኳት አስተማረ። የመጀመሪያዋ ተማሪ ሽኮኮ ሆነች፤ ጠጠር ይዛ። ክረምት ገብቶ ነጎድጓድ የዋሻውን ድምፅ ሲውጠው፣ የእሷ ቀጭን ኳኳታ ማዶ ደረሰ።

ይህ ሸለቆ የሬዲዮ ዓለም ነው፤ ኳኳታውም የሞርስ ኮድ። የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ የሚፈልጉ ሰዎች በድምፅ መነጋገር ከተቻለ ከብዙ ዓመታት በኋላም በዚህ ኮድ ይፈተኑ ነበር። መርከቦች እንኳ እ.ኤ.አ. በ1999 በሳተላይት ወደሚታገዝ የአደጋ ጥሪ ሥርዓት ጠቅልለው ገብተዋል። በ2003 ጄኔቫ የተሰበሰበው የዓለም ሬዲዮ ጉባኤ የሞርስ ፈተናን ለየአገሩ ውሳኔ ተወው፤ አሜሪካም በ2007 ከፈተናዋ አወጣችው። ኮዱ ግን አልሞተም። የሰው ድምፅ በሚጠፋበት ደካማ ሞገድ ላይ ዛሬም ይሰማል፤ የሚማሩትም ወደውት ነው።

እናንት ፈተና የምታወጡ፣ በእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት «ይህን ባያውቅ ማን ይጎዳል?» በሉ። መልስ ያጣችሁለትን ከበሩ ላይ አንሡትና ከዛፉ ሥር አስተምሩት።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።