የቤት ቶፉ፦ «ቀላል» በተባለ ምግብ ላይ የተካሄደ ገላጭ ጥናት

የጥናቱ ዳራ

በቻይና፣ በተለይ በሲቹዋን ክፍለ ሀገር፣ ጂያቻንግ ዶውፉ የሚባል ምግብ አለ፤ በእኛ አፍ «የቤት ቶፉ» ልንለው እንችላለን። ቶፉ ይቆረጣል፤ ይጠበሳል፤ ድልህ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ይገባበታል፤ በሩዝ ይበላል። ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ስለ አሠራሩ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ በሚያስገርም ሁኔታ ተመሳሳይ ነው፦ «እሱማ በጣም ቀላል ነው።» ይህ ጥናት የተጸነሰው ከዚህ መልስ ነው።

«ቀላል ነው» የሚለው አነጋገር ገና በሚገባ ያልታረሰ የምርምር መስክ ነው። ገጠር ውስጥ መንገድ ጠይቆ «እዚህችው ናት» የተባለ ሰው ስንት ሸንተረር ወጥቶ እንደሚወርድ የታወቀ ቢሆንም፣ ተመሳሳዩ ክስተት ኩሽና ውስጥ ያለው ይዞታ ትኩረት ሳይሰጠው ቆይቷል። በመሆኑም ጥናቱ ሦስት ጥያቄዎችን ይዞ ተነስቷል። አንደኛ፣ ቀላል የተባለው ቶፉ መጥበሻ ላይ የሚጣበቀው ስለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ በምግብ መጻሕፍት ውስጥ «በቂ መጠን» የሚባለው ስንት ነው? ሦስተኛ፣ «ቀላል ነው» ባዩ ማን ነው?

የጥናቱ ወሰን

ጥናቱ በቤት ቶፉ ብቻ የተወሰነ ነው። ስሙ በዓለም የናኘው ማፖ ቶፉ ከወሰኑ ውጭ ነው። ማፖ ቶፉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቼንግዱ ከተማ ምግብ ቤት እንደነበራት ከሚነገርላት፣ ፊቷን ፈንጣጣ ካበላሸባት ሴት ጋር የተያያዘ የራሱ ትረካ አለው፤ ባለ ትረካ ምግብ ደግሞ ሌላ በጀት ይጠይቃል። የቤት ቶፉ ፈጣሪዬ ነው የሚለው ሰው የለም። ለጥናት የተመረጠውም ተሟጋች ስለሌለው ነው።

በብዙ ቤቶች በስሱ የተቆረጠ ጥቂት የአሳማ ሥጋ ይገባበታል። አጥኚው የአንባቢን ስሜት ከግምት በማስገባት ሥጋውን አውቆ ዘሎታል። ያለ ሥጋ የሚሠሩ ቤቶችም ስላሉ ይህ በውጤቱ ላይ ያመጣው መዛባት የለም፤ እንዲያውም ግኝቱን በሁዳዴ በተግባር ለመፈተሽ ለሚሹ አንባቢያን በሩን ክፍት አድርጓል።

የቀደሙ ጽሑፎች ቅኝት

ስለ ቶፉ አመጣጥ ሊቃውንቱ አልተስማሙም፤ ርዕሱ ለጥናት ብቁ መሆኑ በዚሁ ይታወቃል። በሰፊው የሚነገረው፣ ቶፉን የፈጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ179 እስከ 122 የኖረው የኋይናን መስፍን ሊዩ አን ነው የሚለው ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሐኪም ሊ ሺጀንም በታላቁ የመድኃኒት መጽሐፉ ይህንኑ አስፍሯል። አፈ ታሪኩ እንደሚለው መስፍኑ ከጠቢባኑ ጋር ዘላለም የሚያኖር መድኃኒት ሲቀምሙ አኩሪ አተሩ ረጋባቸው። መስፍኑ ዐመፅ ዶልተሃል ተብሎ ተከስሶ ራሱን አጠፋ። ቶፉው አለ።

ሁለተኛው ማስረጃ ድንጋይ ነው። በሐናን ክፍለ ሀገር፣ ዳሁቲንግ በተባለ የሐን ሥርወ መንግሥት ዘመን መቃብር ውስጥ፣ ሰዎች ኩሽና ውስጥ ተፍ ተፍ ሲሉ የሚያሳይ የድንጋይ ቅርጽ አለ። አንዱ የምሁራን ወገን ቶፉ እየሠሩ ነው ሲል ሌላው መጠጥ እየጠመቁ ነው ይላል። የቶፉ ወገን ደካማ ጎን፣ ቅርጹ ላይ የማፍላት ሥራ አለመታየቱ ነው። ሠራተኞቹን መጠየቅ ስላልተቻለ ክርክሩ ቀጥሏል።

ቶፉ በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልጭ ብሎ የሚገኘው በ10ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ታው ጉ የተባለ ጸሐፊ በቺንግያንግ ስለነበረ አንድ ሹም ያወሳል። ሹሙ ከቁጠባው ብዛት ሥጋ ትቶ በየቀኑ ቶፉ ያስገዛ ስለነበር የአገሬው ሰው ቶፉን «ትንሹ በግ» ይለው ጀመር። ሹም ሆኖ ሥጋ አለመብላት ያን ጊዜም በመጽሐፍ የሚመዘገብ ዜና እንደነበር ልብ ይሏል።

ለጥናታችን እጅግ የሚጠቅመው ግን ገጣሚው ዩዋን ሜይ በ1792 ያወጣው የምግብ መጽሐፍ ነው። በውስጡ ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ለአንድ ሚኒስትራቸው በስጦታ የሰጡት የቶፉ አሠራር ይገኛል። እንደ ዩዋን ሜይ አባባል፣ ሚኒስትሩ ስጦታቸውን ሊረከቡ ሲሄዱ ለቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት 1000 ልያንግ ብር ወጪ አድርገዋል፤ በዛሬ ሚዛን ወደ 37 ኪሎ ግራም መሆኑ ነው። በነፃ የተፈቀደን ነገር ለመቀበል መክፈል ለአንባቢያችን አዲስ ላይሆን ይችላል። አዲስ የሚሆነው የሰነዱ ይዘት ነው። ለስላሳ ቶፉ ደቅቆ ይከተፋል፤ እንጉዳይ፣ የፍሬ አስኳልና ዶሮም እንዲሁ ተከትፈው ይገቡበታል፤ በወፍራም የዶሮ መረቅ ፈልቶ ይወጣል፤ የሚበላው በማንኪያ ነው እንጂ በእንጨት መቆንጠጫ አይደለም። ስንት ቶፉ? ስንት ዶሮ? አንድም ቁጥር የለም። 37 ኪሎ ብር ወጥቶበት መጠኑ አልተጻፈም። ይህን ነጥብ አንባቢ በአእምሮው ያቆይልን።

ቁሳቁስ

ቶፉ። አኩሪ አተር ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ከውሃ ጋር ይፈጫል፤ ይጠለላል፤ ይፈላል፤ ከዚያ የሚያረጋው ነገር ይጨመርበታል። በሰሜን ቻይና የተለመደው ከባሕር ጨው የሚተርፈው መራራ ውሃ ነው፤ በደቡቡ ደግሞ ጀሶ ነው። አንባቢ አይደንግጥ። ጀሶና ምግብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠሩ የአገራችን ሰው የሚጠብቀው የፖሊስ መግለጫ መሆኑን አጥኚው ይረዳል። የቶፉው ጀሶ ግን ለምግብ የተጣራ ካልሲየም ሰልፌት ነው፤ የሚገባውም እንጀራን ለማክበድ ሳይሆን የአኩሪ አተሩን ፕሮቲን አያይዞ ለማርጋት ነው። የረጋው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ተጭኖ፣ ውሃው ይወጣለታል። ለቤት ቶፉ ጠንከር ያለው ይመረጣል፤ ለስላሳው ምርመራውን አይቋቋምም።

ድልህ። ከቼንግዱ አጠገብ ያለችው ፒሺያን በዚህ የታወቀች ናት። ባቄላና ቀይ በርበሬ ከጨው ጋር በየጋኑ ሆኖ ደጅ ይቀመጣል። ፀሐይ ሲወጣ ይከፈትለታል፤ ይማሰላል፤ ዝናብ ሲመጣ ይከደናል። ይህ ለወራት፣ የተሻለው ደግሞ ለዓመታት ይቀጥላል። ይህ ሁሉ ድካም የሌላ ሰው ስለሆነ «ቀላል ነው» በሚለው ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

የቀረው በእንጨት ላይ የሚበቅልና ደርቆ የሚሸጥ ጥቁር እንጉዳይ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ፣ ሶያ ሶስ፣ ትንሽ ስኳርና በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ ስታርች ነው።

ዘዴ

ቶፉው የጣት ውፍረት እንዲኖረው ተደርጎ ይቆረጣል፤ በንጹሕ ጨርቅም ይደርቃል። መጥበሻው ባዶውን በደንብ ይግላል፤ ዘይቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቁራጮቹ እንዳይነካኩ ሆነው ይደረደራሉ። ቀጥሎ የሚመጣው የሥራው ከባድ ክፍል ነው፦ ምንም አለማድረግ።

በዚህ ጊዜ መጥበሻው ላይ የሚሆነው ይህ ነው። መጀመሪያ ይንጫጫል። ቶፉ አብዛኛው አካሉ ውሃ ስለሆነ፣ ውሃው ዘይት ውስጥ እየፈነዳ ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ጥቂት ቆይቶ ጫጫታው ይረግብና ወፈር፣ ዝግ ያለ ድምፅ ይሆናል። የቁራጩ ጠርዝ ዙሪያውን ቢጫ ክር የተጠለፈበት ይመስላል፤ ክሩ እየሰፋ ወርቃማ ይሆናል። መጥበሻው ወዝወዝ ሲደረግ ቁራጩ በራሱ ከተንሸራተተ ይገለበጣል። ካልተንሸራተተ ገና ነው።

ሁለቱም ፊት ሲቀላ ቶፉው ይወጣል። ድልሁ በቀረው ዘይት፣ በዝግ ባለ እሳት፣ ዘይቱ ቀይ እስኪሆን ይቁላላል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ሽታቸው ሲመጣ እንጉዳዩ፣ ሶያ ሶሱ፣ ስኳሩና ጥቂት ውሃ ይከተላሉ። ቶፉው ተመልሶ መረቁን እስኪጠጣ ይንተከተካል። ቃሪያው መጨረሻ አካባቢ ይገባል። ስታርቹ ተበጥብጦ ሲፈስበት መረቁ ይወፍርና ይወዛል። ተፈጸመ።

ግኝት አንድ፦ ስለ መጣበቅ

ቶፉ የሚጣበቀው መጥበሻው መጥፎ ስለሆነ እንዳልሆነ ታውቋል። መጥበሻው ሳይግል ከገባ፣ ወይም ውሃው ሳይጠረግለት ከገባ ይጣበቃል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ቅርፊቱ ሳይደርቅ ከተነካ ይቦጨቃል። ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚል ማያር በ1912 ያሳወቀው፣ ምግብን የሚያቀላውና መዓዛ የሚሰጠው የኬሚካል ሂደት የራሱን ጊዜ የሚወስድ ነው፤ በጭልፋ መጎሸም አያፋጥነውም። ስለዚህ ዋናው ተለዋዋጭ የእጅ ማሳከክ ነው። ለማጅ መጥበሻ አጠገብ ቆሞ እጁን ማሳረፍ አይችልም፤ ዝም ብሎ መቆም ሥራ አይመስለውም።

ቻይናውያን የቸኮለ ሰው ትኩስ ቶፉ መብላት አይችልም ይላሉ። እኛ ደግሞ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንላለን። ሁለቱ ሕዝቦች ተለያይተው ባካሄዱት የረጅም ዘመን ምልከታ አንድ ውጤት ላይ መድረሳቸው የግኝቱን አስተማማኝነት ያጠናክራል።

ግኝት ሁለት፦ ስለ «በቂ መጠን»

የቻይና የምግብ መጻሕፍት ሁለት መለኪያዎችን ያዘወትራሉ፦ «ጥቂት» እና «በቂ መጠን»። የመጀመሪያው ከሁለተኛው እንደሚያንስ ይገመታል፤ ከዚህ ያለፈ ማብራሪያ አይሰጥም። ነገሩን ለማጣራት ሌላ ከተማ የምትኖር ልጅ ምድጃ ላይ ቆማ ከእናቷ ጋር ዊቻት በሚባለው የስልክ መተግበሪያ የምታደርገውን ዓይነት ንግግር እንመርምር።

«እማ፣ ጨው ምን ያህል ላድርግ?»

«እንደሚበቃው ነዋ።»

«የሚበቃው ስንት ነው?»

«ድልሁ ጨው አለው፤ እያየሽ ጨምሪ።»

«በማንኪያ ንገሪኝ እባክሽ!»

«በየትኛው ማንኪያ? ያንቺን ማንኪያ መች አየሁት?»

የመጨረሻው መልስ በሥነ ልክ ሳይንስ እንከን አይወጣለትም። ያልተረጋገጠ መሣሪያ ልኬት አይሰጥም። የኪሎ ግራም ጉዳይም እንዲሁ ነበር፦ ከ1889 እስከ 2019 ድረስ የዓለም ኪሎ የሚባለው ፓሪስ አጠገብ ካዝና ውስጥ የተቆለፈ አንድ የፕላቲነምና የኢሪዲየም ብረት ነበር። አገሮች የራሳቸውን ቅጂ ይዘው እየሄዱ ከእሱ ጋር ያመሳክሩ ነበር። የ«እንደሚበቃው» ዋና መለኪያ የተቀመጠው ደግሞ እናት እጅ ላይ ነው፤ ቅጂ የሚወሰደውም አጠገቧ ቆሞ ሽንኩርት እየላጡ ነው። በስልክ የሚላክ ቅጂ ልክነቱን ያጣል። የንጉሠ ነገሥቱ ወጥ ቤትም 37 ኪሎ ብር ተቀብሎ መጠኑን ያልጻፈው ተንኮል አስቦ ላይሆን ይችላል፤ መጠኑ ያለው ወረቀቱ ላይ ሳይሆን አብሳዩ ክንድ ላይ ስለነበር ነው።

ግኝት ሦስት፦ ስለ ባዩ

«ቀላል ነው» የሚለው ሰው የማያውቀውን ሲያታልል አልተገኘም። እውነቱን ነው። የድልሁን ዓመታት ፒሺያን ያሉ ሰዎች ደክመውለታል፤ የአኩሪ አተሩን ሌሊት ቶፉ ሻጩ ተነስቶለታል፤ የመጥበሻውን ድምፅ በልጅነቱ ከሌላ ክፍል ሆኖ ሲሰማ አድጓል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለእሱ የተረፈው ሥራ በእርግጥ ቀላል ነው። ስለዚህ ቅለት የምግቡ ጠባይ ሳይሆን የአብሳዩ ዕድሜ ነው፤ ምግቡ ላይ የሚለጠፈው ለትሕትና ነው።

ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳቦች

ለምግብ መጽሐፍ ደራሲያን፦ «ቀላል» ከሚለው ቃል አጠገብ «ለማን» የሚል መስመር ቢታከል ብዙ ቶፉ ይተርፋል። ለጀማሪዎች፦ ጭልፋውን ሌላ ክፍል አስቀምጦ መጥበስ ይመከራል። እናት በአጠገብ ለሌለችው፦ ጎረቤት ትበቃለች፤ ስታበስል ግን ጥያቄ ባይበዛባት ጥሩ ነው፤ እሷም ለምን እንደምትጨምር አታውቀውም።

ለገንዘብ ሰጪ አካላት፦ ሁለተኛው ዙር ጥናት ቼንግዱ ድረስ መሄድን፣ የቀን አበልን፣ ድልህ መግዛትንና ተጨማሪ ድልህ መግዛትን ያካትታል። የበጀቱን መጠን በዝርዝር ለሚጠይቁ ኦዲተሮች የአጥኚው መልስ በግኝት ሁለት የተመሠረተ ነው፦ እንደሚበቃው።