መሃሉ የት ነው?

“መሃል ከተማ ይሁንልኝ እንጂ ሌላው ግድ የለኝም” አልኳቸው የማርፍበትን ቤት ባለቤት በስልክ። የማድረው ሁለት ሌሊት ነው፤ ቀኑን ባጃጅ ላይ መጨረስ አልፈለግሁም።

“መሃል ነው፣ ወደይ። ሰሜን ነን።”

“መቀሌ ሰሜን መሆኗንማ አውቃለሁ፣ አደይ። ቤቱ የት ጋ ነው?”

“ሰሜን አልኩህ እኮ!”

ሦስት ጊዜ ተመላለስን። መቀሌ ከሰባቱ ክፍለ ከተሞቿ አንዱን ሰሜን እንዳለችው የገባኝ ዘግይቶ ነው። ለአዲስ አበቤ ከሸኖ ወዲያ ያለው ሁሉ ሰሜን ነው፤ ሰሜን ደግሞ የራሱ ሰሜን ይኖረዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ከአሉላ አባ ነጋ አየር ማረፊያ የወሰደኝ ባለታክሲ አድራሻውን ሲሰማ ከንፈሩን መጠጠ። “ሰሜንማ ጫፍ ነው፣ ሓወይ። መሃል ከፈለግህ ሓድነት ነው።” የራሱ ቤት ሓድነት ነው። ቡና የቀዳችልኝ ልጅ መሃሉ ቀዳማይ ወያነ፣ ገበያው ዘንድ መሆኑን ማለችልኝ። የምትሠራው እዚያው ገበያ ነው።

አመሻሽ ላይ ለማርፍበት ቤት ባለቤት ስሞታ አቀረብኩ። ሴትዮዋ አልተደናገጡም።

“አጼ ዮሐንስ ቤተ መንግሥታቸውን እዚህ ሲያሠሩ መሃል አገር የት ነበር? እናንተ ናችሁ ወደ ታች ያወረዳችሁት!”

መልስ አጣሁ። ጣሊያናዊው ናሬቲ የሠራውን ያንን የድንጋይ ቤተ መንግሥት ከሰዓት በኋላ አይቼው መጥቻለሁ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ የወደቁት በ1881። እሳቸው በዙፋናቸው ሳሉ እኛ ገና ድንኳን ተካዮች ነበርን።

ሌሊት ፀጉሬን ሳሙና እንደቀባሁ ውሃው ቀጥ አለ። እዚህ አገር ውሃ ስንቱን አንበርክኳል። በ1888 ዓ.ም. እንዳየሱስ ምሽግ ውስጥ የመሸገውን የጣሊያን ጦር እቴጌ ጣይቱ ምንጩን አስይዘው በጥም አስለቅቀውታል። የጦሩ አዛዥ ጋሊያኖ እንኳ ብዙ ቀን ታግሷል። እኔ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፎጣ አገልድሜ በሩን አንኳኳሁ።

“አደይ፣ ውሃ!”

ባዶ ጀሪካን አቀበሉኝ።

“ቦኖው ከየት ይቀርባል?”

“ወደ ላይም አለ፣ ወደ ታችም አለ። ሁለቱም እኩል ይርቃሉ” አሉኝ፤ “መሃል አይደል የፈለግኸው?”